«ዜሮ ብለህ መዝግበው»

ጠረጴዛዬ ላይ ከተደረደሩት ብልቃጦች ሁሉ አረንጓዴነቱ የጠለቀው እሱ ነበር፤ ውጤቱ ግን ዜሮ ሆነ። ማንም አልተሳሳተም። መሣሪያው ጤነኛ ነበር፤ ኬሚካሉም ጊዜው አላለፈበትም። ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ለእኔ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲህ የአልጌ ቀለም ልለካ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ብልቃጥ ይመጣና ፊቴ ይቆማል።

ናሙናዎቹ ከአንድ ሐይቅ፣ ከአንድ ቦታ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ከላይ የተቀዳ ውሃ፣ ሌላው ከዚያው ውሃ ሥር የወጣ የወለል ደለል። ውሃውን ከመስታወት ቃጫ በተሠራ ማጣሪያ አሳለፍኩና ማጣሪያው ላይ የቀረውን አረንጓዴ በ90 በመቶ አሴቶን ውስጥ ፈጭቼ በጨለማና በቅዝቃዜ አሳደርኩት። ደለሉንም መጀመሪያ አቀዝቅዤ በቫክዩም ካደረቅኩት በኋላ እንዲሁ አደረግኩ። በማግስቱ ሴንትሪፊውጁ ዝቃጩን ወደ ሥር ሰብስቦ ጥርት ያለውን ፈሳሽ ከላይ ለየልኝ። የውሃው ፈዘዝ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። የደለሉ ደግሞ ዓይን የሚሞላ፣ ድፍን ያለ የወይራ ቀለም።

ዘጠና ሰከንድ

የአልጌን አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ ከፍርስራሹ የምንለይበትን የአሲዱን ዘዴ የሚያውቁት ይህን አንቀጽ ሊዘሉት ይችላሉ። የክሎሮፊል ኤ ሞለኪውል ቀለበት አለው፤ በቀለበቱ መካከል አንድ የማግኒዚየም አተም ተቀምጧል፤ ከጎኑ ደግሞ ፊቶል የሚባል ረጅም ጭራ ተንጠልጥሏል። ፈሳሹን ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለው የብርሃን መለኪያ ውስጥ አስገብተን በ664 ናኖሜትር ላይ ምን ያህል ቀይ ብርሃን እንደዋጠ እናነባለን። ቀጥሎ ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ እናደርግበታለን፤ 90 ሰከንድ እንጠብቃለን፤ ከዚያም በ665 ላይ ዳግመኛ እናነባለን። ከሁለቱም ላይ የ750 ናኖሜትሩን ንባብ እንቀንሳለን፤ በዚያ የሞገድ ርዝመት ቀለሞቹ ብርሃን ስለማይውጡ የሚታየው ብዥታ የድፍርስ ብቻ ነው።

አሲዱ ማግኒዚየሙን ከቀለበቱ አስወጥቶ በቦታው ሁለት ሃይድሮጅን ያስቀምጣል። የተረፈው ፊዮፊቲን ይባላል፤ ቀይ ብርሃን የመዋጥ አቅሙም ያነሰ ነው። ስለዚህ በብልቃጡ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ክሎሮፊል ኤ ከሆነ የፊተኛው ንባብ የኋለኛው 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያውም ፊዮፊቲን ብቻ ከነበረ አሲዱ የሚነጥቀው የለውምና ሁለቱ ንባቦች እኩል ናቸው፤ ጥምርታው 1.0 ይሆናል። ሎሬንዘን የተባለ ተመራማሪ በ1967 ያወጣው ስሌት የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

የውሃው ናሙና እንደ ወጉ ሄደ። ጠብታው ሲገባ ሰማያዊው ጥላ ጠፋና ፈሳሹ ወደ ቡናማ ወረደ፤ ጥምርታው 1.6 አካባቢ ነበር። የደለሉን ፈሳሽ የያዘውን ኩቬት፣ ትንሿን የመለኪያ ብልቃጥ፣ ግን ብርሃን ላይ አንስቼ ብጠብቅ፣ ምንም የለም። 90 ሰከንዱ አለፈ፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። አሲዱ ያልገባ መሰለኝና ከዚያው ጠርሙስ ንጹሕ የመለኪያ ክሎሮፊል ላይ ጠብ ባደርግ ወዲያው ቡናማ ሆነ። አሲዱስ ደህና ነው። ደለሉ ያልተለወጠው የሚለወጥ ነገር ስላልቀረው ነው።

ስሌቱን ስሠራ ከአንዱ ደለል የተከፈሉት ሁለት ናሙናዎች ጥምርታ፣ የአንዱ ከ1.0 ትንሽ ከፍ፣ የሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዝቅ ያለው ወደ ቀመሩ ሲገባ ከዜሮ በታች የሆነ ክሎሮፊል ሰጠኝ። አጠገቤ የነበሩ አንጋፋ ባልደረባዬ በትከሻዬ አሻግረው ተመለከቱና፣ «ዜሮ ብለህ መዝግበው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ ሆኖ ዜሮ?»

«አረንጓዴነቱን ማን ጠየቀህ? አምዱ የሚለው ክሎሮፊል ኤ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የውጤት ቅጹ ለፊዮፊቲን ቦታ የለውም፤ ለጥምርታውም የለውም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በአእምሮው የነበረው ውሃ ነው፤ በውሃ ላይ ደግሞ ፊዮፊቲን ተቀንሶ የሚጣል ጉድፍ ነው። ደለል ሲመጣ ያው ቅጽ፣ ያው አምድ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የቅጹ ጥበት አልነበረም። በውሃው ላይ በትጋት የምቀንሰው ነገር በደለሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሊሞት የሚችለውን መቁጠር

ይህን ዘዴ ለረጅም ጊዜ ስሠራበት «ሕያውን ከሙት መለየት» እያልኩ ነበር የምጠራው። ለአዳዲስ ሠራተኞችም እንዲሁ ነው የሚነገራቸው። ያ ደለል ግን ሐረጉን ደግሜ እንድመረምረው አስገደደኝ። አሲዱ የሚሠራውን አስቡት፤ ሐይቁ በቀናትና በሳምንታት የሚሠራውን እሱ በ90 ሰከንድ ይሠራል። ሞለኪውሉን እንገድለውና ሲሞት ምን ያህል ቀለም እንደተለወጠ እናያለን። እንግዲህ በዓምዱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ሕይወት አይደለም። ማግኒዚየሙን ገና ሊያጣ የሚችለው ስንት ነው የሚል ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ቃላት መሰንጠቅ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ፊቶል የተባለውን ጭራ ያጣ ነገር ግን ማግኒዚየሙ ያልወጣ ክሎሮፊል አለ፤ ክሎሮፊላይድ ይሉታል። ጭራው የሚታይ ብርሃን ስለማይውጥ የቀለበቱ ቀለም እንዳለ ይቆያል፤ አሲዱም ሲነካው እንደ ጤነኛው ይለወጣል። መፍረስ የጀመረው ሞለኪውል ከሕያዋን ጋር ይቆጠራል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፊዮፊቲን ሁልጊዜ የመበስበስ ምልክት አይደለም። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ፣ ውሃ ሰንጥቆ ኦክስጅን በሚያወጣው በሁለተኛው የብርሃን ሥርዓት ልብ ላይ፣ ኤሌክትሮኑን በቅድሚያ የሚቀበለው ፊዮፊቲን ነው። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ስሌቱን አያናጋም። ሆኖም «ሙት» ብለን የምንቀንሰው ነገር በሕይወት መሃል ሥራ ላይ መገኘቱ እኔን እስካሁን ፈገግ ያሰኘኛል።

በውሃ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ትርጉም ያለው ቁጥሩ ውሳኔ ስለሚሸከም ነው። በ1982 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባወጣው መመደቢያ፣ የሐይቅ ዓመታዊ አማካይ ክሎሮፊል በሊትር ከ2.5 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ሐይቁ ምግበ ድኻ ይባላል፤ ከ8 ሲያልፍ ምግበ ሀብታም፤ ከ25 ሲያልፍ ደግሞ ከመጠን ያለፈ። አውሎ ነፋስ የታች ደለል በጥብጦ ወደ ላይ ባመጣበት ሳምንት የተቀዳ ውሃ፣ ፊዮፊቲኑ ካልተቀነሰለት፣ ያለ ጥፋቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ በኩል ጋሼ ትክክል ናቸው፤ መቀነስ አለበት። ጥያቄው የተቀነሰው ወዴት ይሂድ ነው።

ከሞቱ አሟሟቱ

የደለሉን ፈሳሽ ከጣልኩት በኋላ መቆጨት ስለማልፈልግ የተረፈውን ወደ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ላክሁት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኻይል ጽቬት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የቅጠል ቀለሞችን በኖራ ዱቄት በሞላው የመስታወት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ አንድ በአንድ ሲለያያቸው የጀመረው ነገር ነው፤ ዛሬ ቱቦው ብረት ሆኗል፣ ፈሳሹን የሚገፋው ፓምፕ ነው፣ የሚወጣውን ቀለም የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። አሲዱ ሁሉንም በአንድ ላይ አጣምሮ አንድ ጥምርታ ይሰጣል፤ ክሮማቶግራፊው እያንዳንዱን ቀለም ከየሰዓቱ ጋር ለብቻው ያስወጣል።

የወጣው ሥዕል ሁለታችንንም ነበር ያስተባበለው። ክሎሮፊል ኤ ዜሮ አልነበረም፤ በግራፉ ላይ ትንሽ ነገር ግን ግልጽ ጫፍ ነበረው። ከአረንጓዴ አልጌዎች የመጣ ክሎሮፊል ቢ እና ከእሱ የተወለደው ፊዮፊቲን ቢ አብረው ነበሩ፤ እነዚህ ባሉበት የአሲድ ስሌት እንደሚዛባ የታወቀ ነው። ቀሪው ግን፣ ከሁሉም የገዘፈው፣ ማግኒዚየም አልባው ቤተሰብ ነው፤ ፊዮፊቲን ኤ እና የፊዮፎርባይድ ዓይነቶች። እዚህ ላይ ነው ለረጅም ጊዜ የቆየሁት።

ፊዮፊቲን ማግኒዚየሙን ብቻ ያጣ ነው። ፊዮፎርባይድ ማግኒዚየሙንም ጭራውንም ያጣ ነው። በአሲዱ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ታሪካቸው ግን አንድ አይደለም፤ ፊዮፎርባይድ ከመጠን በላይ ሲበዛ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው በውሃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት አንጀት ነው፤ አልጌው ተበልቷል ማለት ነው። ያልተበላው አርጅቶ፣ ወደ ታች ሰምጦ፣ ማግኒዚየሙን በመንገድ ያራገፈው በአብዛኛው ፊዮፊቲን ሆኖ ይደርሳል። በብርሃንና በኦክስጅን ውስጥ የቆየው ደግሞ ቀለበቱ ራሱ ይከፈትና ቀለም አልባ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም መሣሪያችን አናየውም። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚባለው ለሰው ነው፤ ነገር ግን ደለል ውስጥ ያለ ቀለም ይህን ያህል የሚስማማው አባባል አላገኘሁም። የአልጌዎቹን መሞት አስቀድመን እናውቃለን። ደለሉ የሚነግረን እንዴት እንደሞቱ ነው፤ ያንንም የሚነግረን ፍርስራሹ ነው።

ፍርስራሹ ሁሉንም እኩል አይናገርም። በዚያው ዕለት በውሃው ናሙና ውስጥ ከካሮቲኖይዶቹ፣ ከቢጫና ብርቱካናማዎቹ ቀለሞች፣ ሁሉ የጎላው ፉኮዛንቲን ነበር፤ ዳያቶም የሚባሉት አልጌዎች ዋና ቀለም ነው። በደለሉ ውስጥ ግን ለዓይን አይሞላም ነበር። በፋንታው ክሪፕቶፋይት የሚባሉት አልጌዎች ምልክት የሆነው አሎዛንቲን፣ ዚያዛንቲንና ቤታ ካሮቲን በግልጽ ቆመዋል። ደለሉን ብቻ ያየ ሰው «ዳያቶም እምብዛም አልነበረም፣ ክሪፕቶፋይት ግን ሞልቶ ነበር» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እውነቱ ፉኮዛንቲን ቶሎ ስለሚፈርስ፣ አሎዛንቲን ደግሞ ስለሚጸና ነው። ቶሎ የሚጠፋ ምስክር ያልነበረ ሰው አይደለም።

የጥፋቱ ፍጥነትም እንደየቦታው ይለያያል። ቀለም በውሃው ዓምድ ውስጥ ሳለ ግማሹን ለማጣት ቀናት ይበቁታል። ወለሉ ላይ ካረፈ በኋላ ነገሩ በዓመታት ይቆጠራል። ተቀብሮ ኦክስጅን ከማይደርስበት ጥልቀት ሲገባ መቶ ዓመታት ይወስዳል። ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እየሰመጠ የወረደው ብዙውን በመንገድ ያጣል፤ ሰልፋይድ ያለበት፣ ኦክስጅን ያለቀበት የታች ውሃ ያለው ሐይቅ ደግሞ የደረሰለትን በደንብ ያቆያል። በእንዲህ ያለ ደለል ውስጥ ኦኬኖን የተባለው ቀለም ከተገኘ ትልቅ ዜና ነው፤ ሐምራዊ የሰልፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነውና፣ በአንድ ወቅት ሰልፋይዱ ብርሃን እስከሚደርስበት ጥልቀት ድረስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀለም ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጥልቀት በአንድ ጊዜ ይመሰክራል።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። በዚህ ሙያ ግን ተረቱ አይሠራም። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ትራይብስ በ1930ዎቹ ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያወጣው ይህንኑ የነቃ ብርሌ ነው፤ ጭራው የወደቀ፣ ማግኒዚየሙ የወጣ፣ በባዶው ቦታ ቫናዲየም የገባበት የክሎሮፊል ቀለበት። ነዳጅ ከሕይወት የመጣ ስለመሆኑ እንዲህ ያለ ጠንካራ የኬሚስትሪ ማስረጃ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች በሞሪታኒያ ከታውደኒ ተፋሰስ በተቆፈረ አለት ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ዓመት የቆየ የዚህ ቀለበት ቅሪት አግኝተዋል፤ ሲቀልጥ የሚሰጠው ደማቅ ሮዝ ነው። ማግኒዚየሙን ይዞ የቀረ ክሎሮፊል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዕድሜ ባልደረሰ ነበር። ቀለበቱ የጸናው ያጣውን አጥቶ ነው።

ለውሃው ጥድፊያ፣ ለደለሉ ትዕግሥት

በአሠራር በኩል ይህ ሐሳብ የለወጠው ነገር ሰፊ አይደለም። ለውሃ ናሙና ያለኝ ደንብ ያው ነው፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ»። ውሃው እንደተቀዳ ይጣራል፤ ሕዋሳቱ እንዳይፈነዱ የፓምፑ መሳብ ለስለስ ይደረጋል፤ ማጣሪያው በአልሙኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ወዲያው ወደ በረዶ ይገባል፤ ሥራው በደብዛዛ ብርሃን ይካሄዳል። ኩቬቱ ከአሲድ በኋላ ደጋግሞ ካልታጠበ የቀረችው ጭላጭ የሚቀጥለውን ናሙና ገና ፊተኛው ንባብ ሳይወሰድ ትገድለዋለች፤ ውጤቱም ሲታይ ሐይቁ በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። አሲዱን ማብዛትም እንዲሁ ነው፤ ካሮቲኖይዶቹ ራሳቸው መለወጥ ይጀምራሉ።

ደለሉ ሌላ ጠባይ አለው። እርጥብ ከሆነ በውስጡ ያለው ውሃ አሴቶኑን ያቀጥነዋል፤ 90 በመቶ ያልነው 90 በመቶ አይሆንም፤ ስለዚህ መድረቅ አለበት። አንድ ጊዜ በአሴቶን ማጠብ አይበቃውም፤ ፈሳሹ ቀለም አልባ እስኪሆን ይደጋገማል። ውጤቱም በደረቅ ክብደት ብቻ ሲጻፍ አሳሳች ነው፤ ጎርፍ አሸዋ ባመጣበት ንብርብር ቀለሙ ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ በ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃጥሎ የሚጠፋውን የኦርጋኒክ ክፍል ለክተን ቀለሙን ለዚያ እናካፍላለን። ይህ ሁሉ በደለል ለሚሠሩ የዕለት እንጀራ ነው፤ አስቸጋሪው በውሃ ዘዴ ያደገ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደለል በእንግድነት ሲመጣ ነው።

ከዜሮ በታች

ወደዚያ ቅጽ ልመለስ። ጋሼና እኔ እስካሁን ያልተስማማንበት ነገር ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር ነው። የእሳቸው ክርክር ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ክሎሮፊል በዓለም ላይ የለም፣ አንባቢ ቢያየው ቤተ ሙከራውን ይታዘባል። የእኔ ክርክር ደግሞ እንዲህ ነው፤ የመለኪያ መዋዠቅ ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። ወደ ላይ የዋዠቀውን እንዳለ ትተን ወደ ታች የዋዠቀውን ዜሮ እያደረግን ከመዘገብን፣ አማካዩ ሁልጊዜ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ክሎሮፊል የሌለበት ደለል በእኛ መዝገብ ላይ ጥቂት ክሎሮፊል ያለው ይሆናል፤ ይህም ያለ ማንም ተንኮል።

ከዚያም በላይ የሚከብደኝ ጥምርታው መጥፋቱ ነው። ከአንድ የደለል ምሰሶ ከላይ እስከ ታች በየንብርብሩ የክሎሮፊልና የፊዮፊቲን ድርሻ ተመሳሳይ ሆኖ ከቀጠለ፣ የቀለሙ መጠን ከፍ ዝቅ ማለት የሐይቁ ምርት ለውጥ ነው ብሎ ለመከራከር መሠረት ይኖራል። ድርሻው ከላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር በኋላ እየወደቀ ከሄደ ግን፣ «በቅርብ ዓመታት አልጌ በዛ» የሚለው ድምዳሜ ምናልባት «በቅርብ የተቀበረው ገና አልፈረሰም» ከማለት አያልፍም። ሁለቱን ለመለየት ከሚረዱን ቁጥሮች አንዱ ጥምርታው ነው፤ እኛ ደግሞ ዜሮ ብለን እንጽፍበታለን።

በመጨረሻ የደረስንበት ግማሽ ስምምነት ነው። የውሃ ናሙና በአሮጌው ቅጽ ይቀጥላል። ለደለል ፊተኛውና ኋለኛው ንባብ፣ ጥምርታውና ፊዮፊቲኑ ሁሉም ይመዘገባሉ፤ ከዜሮ በታች የመጣው እንዳለ ይቀመጥና ከጎኑ መሣሪያው ለይቶ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ይጻፋል። ክሎሮፊል ቢ የሚጠረጠርበት ደለል ደግሞ በአሲድ እንዳይፈረድበት፣ በቀጥታ ወደ ክሮማቶግራፊው እንዲሄድ ጠይቄያለሁ። ጋሼ በዚህኛው አልተስማሙም። የክሮማቶግራፊው ወረፋ ረጅም ነው ይላሉ፤ ወረፋውም በእርግጥ ረጅም ነው።